የእህቴን ፎቶግራፍ ከአዳራሹ ግድግዳ ስለማስወረድ

መጋቢት 9 ቀን 1977 ዓ.ም.
ነገሌ

ለተከበሩ ጓድ ወልደሩፋኤል
በቀበሌያችን የሴቶች አመጋገብና የደን ጥበቃ ትምህርት አስተባባሪ
ባሉበት

የተከበሩ ጓድ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል ስል በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ዝናብ በከዳን በዚህ ዓመት የከተማው ሰው ሁሉ ፊቱ ሲከሳ የእርስዎ ፊት ግን እንዳማረበት መሰንበቱን ከትምህርት ቤት ስመለስ በመንገድ ላይ አይቻለሁና፣ ለጤናዎ ከዚህ የሚበልጥ ነገር መመኘት ስስት ይሆንብኛል፤ እንዳለ ይቆይልዎ።

ስሜ ረዲ ዓብዱልመጂድ ይባላል። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። እኔን ባያውቁኝም እህቴን ሚስራን ያውቋታል፤ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ «ጥቂት በልታ፣ ጥቂት አንድዳ፣ ለሀገር ያተረፈች አርአያ ሴት» ከሚለው ጽሑፍ በላይ የለጠፏት እሷ ናት። የካቲት 14 ቀን በሃያ ዓመቷ ሞታለች። ይህን የምጽፈው ሽልማቷን ቀርቤ እንድቀበልላት የላኩልኝ ባለ ማኅተም ደብዳቤ ስለደረሰኝ፣ ደግሞም የሰው ደብዳቤ ያለ መልስ ማስቀረት ነውር ነው ብላ ያሳደገችኝ እሷው ስለሆነች ነው።

የአማርኛ መምህራችን አቤቱታ በቁጥር ተለይቶ ሲቀርብ አንባቢን አያደክምም ስላሉን፣ እርስዎን ማድከም ስለማልፈልግ በቁጥር ለይቼዋለሁ። መምህሩ ግን ይህን ደብዳቤ አላዩትም፤ ስሕተት ቢገኝበት የእኔ ብቻ ነው።

1ኛ. በመጀመሪያ ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ። ከጥቅምት ጀምሮ በየቅዳሜው የቀበሌያችንን ሴቶች ሰብስበው፣ ከብት ሣሩን እንደሚጨርስ፣ ማገዶ ጫካውን እንደሚጨርስ፣ ሥጋና ወተት የለመደ ሰው መሬቷን ራሷን እንደሚበላ፣ ስለዚህ ሴቶቻችን ምድሪቱን የማይጎዳ አመጋገብ መልመድ እንዳለባቸው አስተምረዋል። ነገሩ ሐሰት ነው አልልም። እህቴ ትንሽ ሳለች ከቤታችን ጀርባ ትለቅመው የነበረውን እንጨት ኋላ ላይ ግማሽ ቀን ሄዳ ነበር የምታመጣው፤ ጫካው እየራቀ መሆኑን ከእርስዎ በፊት እግሯ ያውቅ ነበር። የሚገርመኝ ሰሌዳው ላይ የሰቀሉት ሥዕል ነው። ካሮት፣ ቀይ ሥርና ጥቅል ጎመን ነበረበት ይባላል፤ እነዚህም ወደዚህ ቆላ የሚመጡት ለጦር ሰፈሩ በሚላክ መኪና ላይ ተርፈው ከተገኙ ነው። ወተት እየሸጠች የምትኖረው ጎረቤታችን አዴ ዲንኪቱ፣ ወተቱን ትታ ባቄላና ካሮት እንድትለምድ ሲመክሯት፣ «ናጋ፣ ሰላም ይሁንልዎ ጓድ፣ ካሮቱን ይዘው መጡ፤ ዝናቡንስ የት ጣሉት?» ብላ ጠየቀችዎ አሉ። እርስዎም ዝናብ የሌላ ክፍል ጉዳይ መሆኑን ነግረዋት ትምህርቱ ቀጠለ። የሥራ ክፍፍልን እንዲህ ጠንቅቆ የሚያውቅ ኃላፊ በማግኘታችን ደስ ብሎናል።

2ኛ. አመድ ስለ መለካት። ሌላ ቦታ እንዲህ ያለ ጥበብ መኖሩን አላውቅም። እያንዳንዷ ሴት የሳምንቱን የምድጃ አመድ በጨርቅ ቋጥራ ቅዳሜ ጠዋት ታመጣለች፤ አመዱ በዱቄት ወተት ጣሳ ይሰፈራል፤ ከጣሳው አፍ ያላለፈላት ደን ጠባቂ ትባላለች፤ ያለፈባት ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ከኅብረት ሱቅ የምታገኘው በቆሎ በግማሽ ይቀነሳል። ሴቶቻችን በአንድ ቅዳሜ ገባቸው። ግማሹን አመድ ከቄራው ጀርባ ባለው ቦይ እየደፉ ግማሹን ያመጡ ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት ቦዩ ከላይ እስከ ታች ነጭ ሆኖ ነበር፤ እርስዎም የቀበሌው የማገዶ ፍጆታ በግማሽ መቀነሱን ለአውራጃው በሪፖርት አሳወቁ። ሪፖርቱ በድምፅ ማጉያ ሲነበብ እኔም ሰምቻለሁ፤ አነባበብዎ ግሩም ነበር።

እህቴ ግን የባለሱቅ ልጅ ናት። አባታችን ሱቃችን ውስጥ ከሚዛኑ አጠገብ ቆሞ፣ ሚዛን ያጎደለ ሰው አላህ ፊት የሚቆምበት እግር የለውም እያለ ነው ያሳደገን። አዴ ዲንኪቱ፣ «ግማሹን ቦዩ ውስጥ ድፊው፣ ልጄ፤ ቦይ አይመሰክርም» ስትላት፣ «መስፈሪያ ነው እኮ፣ አዴ፤ እንዴት አድርጌ?» አለቻት። ምድጃውን በእጅ መጥረጊያ ጥርግ አድርጋ፣ የጠርዙን ሳይቀር አፍሳ ወሰደች። የመጀመሪያው ቅዳሜ ጣሳው ሞልቶ ሁለት እፍኝ ተረፈ። እርስዎም ከሴቶቹ ፊት አቁመዋት፣ «ይህች እህታችን በአንድ ሳምንት አንድ ግራር ብቻዋን በልታለች» አሉ። ሴቶቹ ሳቁ፤ መሳቅ ነበረባቸው። በቆሎውም በግማሽ ተቀነሰ። እውነተኛ መስፈሪያ ያመጣችው ሴት አንድ ብቻ ነበረች፤ የተቀጣችውም አንድ ብቻ። ለትክክለኛ ፍርድዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

3ኛ. ከዚያ በኋላ የሆነውን የሚያውቁት በጣሳው ብቻ ስለሆነ፣ ከጣሳው ውጭ ያለውን ልንገርዎ። አባታችን በኅዳር ፍየል ሊገዛ ወደ ፊልቱ ሄዶ፣ መኪና ጠፍቶ እዚያው ቀረ። ሱቁ ባዶ ነበር። ቤት ውስጥ እኔና እሷ ነበርን። በግማሽ በቆሎ ሁለት ሰው እንዴት እንደሚያድር እርስዎ አላስተማሩም፤ እሷ ግን ዘዴውን አገኘችው። ምጣድ የምትጥደው በሁለት ቀን አንድ ጊዜ ሆነ። በአምስተኛው ቅዳሜ አመዷ የጣሳው ግማሽ ላይ ደረሰ፤ በስምንተኛው ሩብ ሆነ። እርስዎም አጨበጨቡላት፤ በቆሎው ግን መጋዘን አልቋል ተብሎ ወደ ሙሉው አልተመለሰም። እኔ ሒሳብ ብዙ አልወድም፤ ይህን ያህል ግን ይገባኛል፤ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቂጣ የአንድ ሰው አመድ ነው የሚያወጣው። ያ አንድ ሰው እኔ ነበርኩ።

4ኛ. ይህኛው አቤቱታ ግማሹ በራሴ ላይ ነው። ከትምህርት ቤት ስገባ ምግቡን አቅርባልኝ ልብሴን እየሰፋች ትቀመጣለች። ቅዳሜ ሲሆን፣ «አንቺስ?» ስላት፣ «የምግብ ትምህርት ውዬ ተርቤ እመጣለሁ እንዴ፣ ረዲ? ያበስላሉ፣ ያቀምሱናል። ብላ፣ ፈተና አለብህ» ትለኛለች። በሌላው ቀን ደግሞ ከአዴ ዲንኪቱ ዘንድ ወተት ጠጥቻለሁ ትላለች። የአዴ ዲንኪቱ ላሞች ከታኅሣሥ ወዲህ ጡታቸው መድረቁን እያወቅሁ አመንኳት። ርቦኝ ስለነበር ማመኑ አልከበደኝም። የቅዳሜውን ግን በእውነት ነው ያመንኩት፤ ስለ ምግብ ብቻ የሚወራበት ትምህርት ምግብ የሌለበት ይሆናል ብዬ በፍጹም አላሰብኩም። ከተቀበረች በኋላ አዴ ዲንኪቱ እውነቱን ነገረችኝ። ለማሳያ የሚበስለውን ጎመን የሚቀምሱት እርስዎና ከአውራጃው የሚመጡት ሁለት እንግዶች ነበራችሁ፤ ሴቶቹ ደግሞ ሽታው ያለበት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ያስታወሱትን በቃላቸው ይደግሙ ነበር።

ወባ ያዛት። ጤና ጣቢያ የወሰድኳት በሁለተኛው ቀን ነው። የጤና ረዳቱ እጇን ይዞ ወደ ላይ አንሥቶ ለቀቀውና፣ ወባው በክኒን ይወርድ ነበር፣ ሰውነቷ ግን የሚታገልበት ነገር አልቀረውም አለኝ። ሦስተኛውን ቀን አላደረችም።

5ኛ. አጭር ነጥብ ናት። በጥር ወር የጽዳት ዘመቻ ሲታወጅ የእኛን ክፍል የላኩት እናንተ የምታርፉበትን የእንግዳ ማረፊያ ግቢ እንድንጠርግ ነበር። ከጓሮው ሁለት ጆንያ አመድና አንድ ጆንያ የፍየል አጥንት ተሸክመን አወጣን። ጣሳ ስላልያዝን ሳንሰፍረው ደፋነው። ይህ ከሥርዓት ውጭ መሆኑን አሁን ስለተረዳሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

6ኛ. ስለ ሽልማቱ። የካቲት 29 ቀን የሴቶች በዓል ሲከበር እኔም ከተማሪዎች ጋር ተሰልፌ ነበር። በድምፅ ማጉያው የእህቴን ስም ሦስት ጊዜ ጠሩ። እኔ ከቀበርኳት ገና አሥራ አምስት ቀኔ ነበር። ከሴቶቹ አንዷ፣ «ጓድ፣ ልጅቷ እኮ ሞታለች» ስትል፣ እርስዎ ወረቀትዎን ሳያስቀምጡ «አርአያ አይሞትም» ብለው አስጨበጨቡ። ለአንድ ሰው ሞት እንዲህ ፈጣን መልስ ያገኘ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። አባቴ ከፊልቱ ከተመለሰ ሳምንት ሊሆነው ነው።

አባቴ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ፎቶግራፍ አላት ወይ አለኝ። ሚስራ በሕይወቷ የተነሣችው አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም ለትምህርቱ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ካላመጣችሁ አትመዘገቡም ስላሉ ነው። አንደኛው መታወቂያዋ ላይ ነበር፤ መሞቷን ስናስመዘግብ ቀበሌው መታወቂያውን ተረከበን። ሁለተኛው የእርስዎ ግድግዳ ላይ ነው። ፊቷን ማየት የፈለገ አባት አዳራሽ ሄዶ፣ ጥቂት በመብላቷ የሚያመሰግናትን ክንድ የሚያህል ጽሑፍ ሰው እንዲያነብለት መቆም አለበት።

ይህም ሳይበቃ፣ ትምህርቱ ከፊታችን ወር ወደ ወደራና ወደ ፊልቱ እንደሚቀጥልና ፎቶግራፉም ከነጽሑፉ ለማስተማሪያነት አብሮ እንደሚጓዝ ሰምቻለሁ። ስለዚህ የምለምንዎ ነገር አንድ ነው። የሽልማቱ የምስክር ወረቀት ይቅርብኝ፤ ፎቶግራፉን አውርደው ለአባቴ ይመልሱለት። የወደራና የፊልቱ ሴቶች ትምህርቱ እንደሚቀርባቸው አይስጉ። ምግቡን ለወንድሟ አቅርባ «እኔ በልቻለሁ» ማለትን እዚያ ያለች ሴት ሁሉ ታውቅበታለች፤ አስተማሪ አያስፈልጋትም። ማስተማር ካስፈለገ፣ ይህን ስትል የሚሰማትን ሰው፣ እንዳያምናት፣ እሱን ያስተምሩት።

ለምሳዎ በሚዘጋጁበት ሰዓት ጊዜዎን በመሻማቴ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ በደረሱበት ከተማ ሁሉ ጥላው የሰፋ ዛፍና የተነጠፈ ማዕድ እንዲቀበልዎ እየተመኘሁ፣ እስከ ዓርብ መልስዎን በአክብሮት እጠባበቃለሁ።

ትምህርትዎ አብልቶ ያሳደረው፣

ረዲ ዓብዱልመጂድ

ግልባጭ፦
ለአዳራሹ ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለወፍጮ ቤቱ በር
ለአዴ ዲንኪቱ (በቃል)

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ሰኞ ነው። እስከ ዓርብ መጠበቅ ነበረብኝ፤ አባቴ ግን ትናንት ለብቻው ወደ አዳራሹ ሄዶ፣ በሩ ተዘግቶ በመስኮት አይቶ ተመለሰ። ስለዚህ ዛሬ በምሳ ሰዓት ራሴ ሄጄ ፎቶግራፉን አንሥቼዋለሁ። ዘበኛው ምኗ እንደሆንኩ ጠይቆኝ ስነግረው አግዳሚ ወንበሩን ይዞልኛል፤ እሱን አይቅጡት፣ ቅጣት ካለ አድራሻዬን ያውቃሉ። በሙጫ አጥብቀው ስለለጠፉት የሻሿ ጫፍ ተቀዶ ግድግዳው ላይ ቀርቷል። ጽሑፉን አልነካሁትም። ከላዩ ፊት ስለሌለ፣ የሚያነበው እንግዳ ስለ ማን እንደተጻፈ መጠየቁ አይቀርም። ያን ጊዜ እባክዎ ሳይንተባተቡ፣ በዚያ መልካም አነባበብዎ፣ በርሃብ ስለ ሞተች ልጅ ነው ብለው ይንገሩት።