ፋኖስ ያዦቹ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ መጋረጃው ገና ሳይከፈት

ለማትታዘዘኝ የልጅ ልጄ፣ ለፌንጣዬ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ። አባትሽ በስልክ የሚልሽ ዓይነት ደህና አይደለም፤ የራሴ ደህና ነው። እበላለሁ፣ እሳደባለሁ፣ ሰው አስፈራራለሁ።

ያንን ዳይስ እየወረወሩ ተረት የሚጫወቱበትን ሳጥን ታቅፈሽ የገባሽበት ቀን ትዝ ይልሻል? «ከዚህ ቤት ውሸት የሚያውቀው አባባ ስለሆነ ተራኪው እሱ ይሁን» አልሽና አስቀመጥሽኝ። ይኸው እስከ ዛሬ አልተነሣሁም። ፀጉር አስተካካዩ እንደ ድሮው ጦረኛውን ይሆናል፤ ጡረታ የወጣችው ዳኛ ጎረቤታችን መነኩሲቷን፤ ፋርማሲስቷ ጠንቋይዋን። እኔ ግንቡን፣ ጭጋጉን፣ መቃብሩን፣ የግንቡንም ጌታ ያን ደም መጣጭ እሆናለሁ። በጠራራ ፀሐይ መጋረጃ ዘግተን እንቀመጣለን። ነጎድጓድ ሲያስፈልግ ትሪ እመታለሁ። የጌታው ድምፅ እንዲያስፈራልኝ ደግሞ ሰው ሠራሽ ጥርሴን አወልቃለሁ። በቀደም ዳኛዋ «ጥርስ የሌለው ደም መጣጭ ምን ሊያደርገን ነው፣ በድዱ ሊያላምጠን?» ብላ ስንት የደከምኩበትን ፍርሃት አፈር አስጋጠችው።

ለአንቺ ብቻ እውነቱን ልንገርሽ። ግንቡ ካለቀ ቆይቷል። ከጌታው በር ፊት የደረሱት አንቺ ለትምህርት በሄድሽ ሰሞን ነው። ያን ጊዜ በሩ ፊት ኮሪደር ጨመርኩ። ኮሪደሩ ሲያልቅ ጓዳ፣ ጓዳው ሲያልቅ የወይን ጠጅ ማከማቻ። ባለፈው ቅዳሜ ሐሳብ ቢነጥፍብኝ የልብስ ማጠቢያ ክፍል አስገባሁ።

«አባባ፣» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ «ደም መጣጭ ልብሱን ራሱ ነው እንዴ የሚያጥበው?»

«ሠራተኞቹን ጨርሷቸው ነዋ!»

«ወጥ ቤቱስ ለምን ሦስት ሆነ?» አለች ዳኛዋ። «አንተ ሰውዬ፣ ፍጡሩ ደም ነው የሚጠጣው። ሦስት ወጥ ቤት ምን ያደርግለታል?»

ሁለቱን ወጥ ቤቶች ረስቻቸው ነበር። ተያዝኩ። ከእንግዲህ በሩ ይከፈት፣ ጨዋታው ይለቅ አሉ።

ጨዋታው ላይ አንቺ የምትሆኛትን ሌባ የረሳናት እንዳይመስልሽ። ትንሽ ልጅ ሳለሽ አባትሽ ሥራ ውሎ የቀረ ቀን እሱ የሚሆነውን ባላባት ተኩላ በልቶበት፣ ያለቀስሽው ለቅሶ! ሰፈሩ ሰው የሞተ መስሎት ሊሰበሰብ ምንም አልቀረው። ሕጉን ያወጣሽው ያኔ ነው፦ የቀረ ተጫዋች ፋኖስ ይዞ ከኋላ ይከተላል፤ አይናገርም፣ አይዋጋም፣ አይሞትም። ሌባሽ ይኸው እስካሁን ፋኖሷን ይዛ ትከተለናለች። አንድ ቃል ሳትናገር! አንቺን ባትመስለኝም ችዬዋለሁ።

ታዲያ ፀጉር አስተካካዩ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እርስዎ በሩ የከፈተውን ሰው ይውጣል ብለዋል። እንግዲያው ሌባዋ ትክፈተው። ለነገሩ የለችም።»

ትሪውን ያለ ነጎድጓድ መታሁት።

«አለች!» አልኩ። ጥርሴን ሳላደርግ ነው የጮኽኩት፤ ማንም ግን አልሳቀም።

ፋርማሲስቷ፣ መድኃኒቴን የምትሰጠኝ እሷ ስለሆነች ከአባትሽ ይልቅ የምታውቀኝ፣ ቀስ ብላ «አባባ፣ በሩ የማይከፈተው እሷን እየጠበቁ ነው አይደል?» አለችኝ።

«እኔ? ምን ቸገረኝ! ወንበሯን እንኳ ካፖርት መስቀያ አድርጌዋለሁ» አልኳት።

ካፖርቴ በቤቱ በር ኋላ ተሰቅሎ ለሁሉም ይታይ ነበር።

አሁን ወደ ወሬው ልምጣ። ሰኞ ሐኪም ቤት እገባለሁ። ልቤን ከፍተው የሚጠግኑት ነገር አለ። አባትሽ «ቀላል ነገር ነው» ብሎሻል፤ እመኚው። ውሸቱን ከማን እንደወረሰ ግን አንቺም አትስቺውም። ነይ ለማለት አይደለም የምጽፈው። ፈተናሽ ደርሷል፣ መንገዱም ሩቅ ነው። ነይ አላልኩም። ደግሜ ደጋግሜ አለማለቴን ልብ በይልኝ።

ዛሬ ጨዋታው ሳይጀመር ወንበሬን ለፋርማሲስቷ አስረከብኩ። ለራሴም አንድ ሰው ፈጠርኩ፦ ጥርሱ ወላቃ፣ ምላሱ ረጅም፣ ፋኖስ የያዘ ሽማግሌ።

«ይሄማ አይሆንም፣» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ፋኖስ የሚይዘው የሌለ ሰው ነው። እርስዎ ይኸው አሉ።»

«ከሰኞ ጀምሮ የለሁም» አልኩት።

ፀጉር አስተካካዩ ዳይሱን ሳይወረውር መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ዳኛዋ ጉሮሮዋን ጠራርጋ፣ ችሎት ላይ ያለች ያህል ቀጥ ብላ፣ «ሕጉ ሽማግሌንም ይመለከታል። የሌለ ሰው አይሞትም። ይግባኝ የለውም» አለችና መነጽሯን ልታጸዳ ወደ መስኮቱ ዞረች። መጋረጃው ዝግ መሆኑን የረሳች መሰለኝ።

እንግዲህ በሩ ፊት አንቺና እኔ ጎን ለጎን ቆመናል። ፋኖሱን በየተራ እንይዘዋለን፤ ከኋላ ነው ብለሽ ግን እንዳትለግሚ፣ አውቅሻለሁ። አረንጓዴውን ዳይስሽን ካፖርቴ ኪስ ከትቼ ሐኪም ቤት ይዤው እገባለሁ። አልወረውረውም። ያንቺ ነው።

ብርዱ አጥንትሽ አይግባ። ክፉ ሰው ደጅሽን ሳያውቀው ይለፍ። የቀረብሽው ሁሉ እንደ ሥጋ ዘመድ ያቅርብሽ። ዳይሱም በወረወርሽው ቁጥር ትልቁን ቁጥር ያውጣልሽ፣ ፌንጣዬ።

በድዱ የሚስምሽ
አያትሽ

የረሳሁት፦ ፋርማሲስቷን አስምያታለሁ፤ ዳኛዋም ምስክር ናት። በሩ የሚከፈተው በሌባዋ እጅ ብቻ ነው፣ ሌባዋንም አይውጣትም። ምናልባት ስትደርሺ ሽማግሌው ደክሞት ከዚያ ከሌለ፣ ፋኖሱን የበሩ ደፍ ላይ አስቀምጦልሽ ታገኚዋለሽ። እንደበራ።