አንድ ፌርማታ ነው

ኔዙ፣ ቶኪዮ
ሐሙስ ጠዋት

ለልጄ አባት፣

ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ? ብርድ ሲገባ እንደሚጠዘጥዝህ አውቃለሁና የሱፉን የጉልበት መጠቅለያ አውጥተህ እንደጠቀለልክበት ተስፋ አደርጋለሁ። ቦታውን ካልቀየርከው ከቁም ሣጥኑ ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ነው። የኡዶን ቤቱ እንዴት ይዞሃል? ደንበኞችህ ዛሬም ወፍራሙን ፓስታ በልተው መረቁን እስከ ጭላጩ ጠጥተው ነው የሚወጡት? እኔ ደህና ነኝ፤ ልጅህ ቺናሚም ደህና ናት። እዚህ እሷ ቤት ከመጣሁ ዛሬ ስድስተኛ ቀኔ ነው።

ወደ ነገሬ ልግባ። የቺናሚ ሰርግ እሑድ ሳምንት እንደሆነና የጥሪው መልስ ፖስትካርድ ካንተ እንዳልደረሳት በስልክ ብነግርህ ምን አልከኝ? «የቶኪዮ የምድር ውስጥ ባቡር የሸረሪት ድር ነው፤ በሰባ አንድ ዓመቴ እዚያ ጠፍቼ መሣቂያ ልሁን?» አልከኝ። ጉልበቴን አመመኝ ብትል ዝም እል ነበር። ዛሬም ተቀይሜአታለሁ ብትል እንኳ፣ ልክ አይደለህም ብዬህ ስልኩን እዘጋ ነበር። አንተ ግን በባቡር አመካኘህ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ስለዚህ ይህን ድር በየቀኑ ስመላለስበት ሰነበትኩ፤ አሁን ከአገሬው እኩል አውቀዋለሁ። መነጽርህን አድርግና አንብብ።

ከሺን-ኦሳካ ተነሥተህ በፈጣኑ ባቡር ቶኪዮ ጣቢያ ትወርዳለህ። የመጨረሻው ጣቢያ ስለሆነ ብትተኛም አያልፍህም። አዲስ ካርድ ልግዛ ብለህ አትሰለፍ፤ ኦሳካ የምትጠቀምበት ካርድ እዚህም በሩን ይከፍትልሃል። ከዚያ አረንጓዴ ቀለበት ያለበትን ሰሌዳ ፈልግ። የቺዮዳ መስመር ምልክት ነው። ሰሌዳው በምድር ውስጥ በእግር እየመራ ኦተማቺ ጣቢያ ያደርስሃል። መንገዱ ረጅም ነው፣ አትማረር፤ ከምድር ውስጥ ባቡሩ ጉዞ ይበልጣል።

እኔም በመጀመሪያው ቀን ተሳስቻለሁ፣ አልደብቅህም። ሕዝቡ ሲጎርፍ አይቼ ተከተልኩት። ሕዝቡ ግን የሚሄደው ወደየሥራው እንጂ ወደ ልጄ አይደለም፤ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት አስገብቶ ተወኝ። ተመልሼ አንድ ፀጉሩ የሸበተ የጣቢያ ሠራተኛ ጠየቅኩ። ጠቆመኝ፣ ሄድኩ፣ ዞሬ ዞሬ እሱው ጋ ተመለስኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያየኝ ነጭ ጓንቱን አፉ ላይ አድርጎ ሳቁን እየዋጠ «እትዬ፣ ደግሞ መጡ?» አለኝ። «ምን ላድርግ ወንድሜ፣ ናፈቅከኝ» አልኩት። እንደምታውቀው ከረሜላ ከቦርሳዬ አይጠፋም፣ አንድ ሰጠሁት። በሥራ ሰዓት መቀበል አይፈቀድም ቢለኝ ኪሱ ውስጥ ከተትኩለት። «በሉ እንግዲህ፣ ሰው አይከተሉ» አለኝ፤ «ቀለሙን ብቻ ይከተሉ። አረንጓዴው ሲጠፋብዎ ቆም ብለው ቀና ይበሉ፣ ከራስዎ በላይ ያገኙታል።» እውነቱን ነው፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልጠፋሁም።

መሳፈሪያው ላይ ወለሉ ላይ በተሰመረው መስመር ተሰለፍ፤ እንደኛ ኦሳካ በጎን ገብተህ አትጋፋ። ውስጥ ከገባህ ደግሞ አፍህን ዝጋ። ኦሳካ መስሎህ ጎንህ ያለውን ሰው ስለ ቤዝቦል ብትጠይቀው ስልኩ ውስጥ ገብቶ ይደበቅብሃል።

ከዚያስ ስንት ፌርማታ መሰለህ? አንድ ነው። ሺን-ኦቻኖሚዙ ይባላል። በሩ ይዘጋል፣ ሁለት ደቂቃ ትሄዳለህ፣ በሩ ይከፈታል፣ በቃ። ያ የፈራኸው የሸረሪት ድር ይኸው ነው። ከላይ የሚሄድ ሌላ ባቡርም አለ፤ ማንንም ብትጠይቅ ይቀላል ብሎ እሱን ይጠቁምሃል። እሱን አትሳፈር። በምድር ውስጥ ና፣ ምክንያቱን እነግርሃለሁ።

ቺናሚ የምትሠራው እዚያው ሠፈር ነው፣ ቫዮሊን ትጠግናለች። «የተሰበረ እንጨት ከማጣበቅ ሊጥ ማሸት አይሻልሽም?» ያልካትን ሥራ ማለቴ ነው። ትናንት አንድ ሽማግሌ የሟች አባቱን ቫዮሊን ሊወስድ መጣ። ክሩን አንዴ ነካ አድርጎ ድምፁን ሲሰማ ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ለልጅህ ጎንበስ ብሎ እጅ ሲነሣ ቆሜ አየሁ። ኮራሁ፣ አንተም ብታይ ትኮራ ነበር። የሚያገባት ሹንፔይ የሰሜኑ የአኪታ ልጅ ነው፣ ዝምተኛ፣ ሥራ የማይንቅ። ነውሩ አንድ ብቻ ነው፤ ኡዶን እንደኛ በጠራው ሳይሆን በጥቁር መረቅ ይበላል። እሱን አንተ ታርመዋለህ።

አሁን ወደ ጣቢያው ልመልስህ። ጥልቅ ነው፤ ወደ ላይ የሚያወጣው ተንቀሳቃሽ ደረጃ ከታች ሲያዩት ጫፉ አይታይም። ቶኪዮዎች በግራ ይቆሙና ቀኙን ለሚቸኩል ይተዋሉ፤ የእኛ ተቃራኒ። ከቺናሚ ጋር ስወጣ እኔ እንደ ልማዴ በቀኝ ቆምኩ። አንዱ ከኋላዬ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለ መጣ። «ወንድሜ፣ ደረጃው ራሱ እየሄደልህ አይደል?» አልኩት። ቀና ስል ቺናሚም ከፊቴ በቀኝ ቆማለች። እናቴን ብቻዋን አላሳፍራትም ብላ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ግን ከረሜላ ስፈልግ ወደ ኋላ ቀረሁና ከታች ሆኜ አየኋት። በግራ ረጅም ሰልፍ ቆሟል፤ በቀኝ ልጅህ ብቻዋን። ከበስተኋላዋ የሚቸኩለው ሰው ተጠራቅሞ ያጉተመትማል። አንዱማ «ሰው በየት በኩል እንደሚቆም አታውቂም እንዴ?» አላት። ዞር ብላ ጎንበስ አለችና «አውቃለሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። አልተነቃነቀችም።

ላይ ስንገናኝ፣ «ዘጠኝ ዓመት እዚህ ኖረሽ ደረጃ ላይ መቆም አልለመድሽም?» አልኳት። «ሌላ ጣቢያ በግራ ነው የምቆመው» አለችኝ። «እዚህስ?» ብላት «እዚህ ልማዴ ነው» አለችና ስለ ምሳው ማውራት ጀመረች።

አንድ ነገር ላስታውስህ። ሰባት ዓመቷ ሳለ የኡዶን ቤቱን እኔ ላይ ጥለህ ቶኪዮ ያሉትን አራዊት ልታሳያት ወስደሃት ነበር። ተሳስታችሁ አንድ ጣቢያ ወረዳችሁና ጠፋችብህ። ያ ጣቢያ ይኸው ነው፣ ደረጃውም ይኸው። ሃያ ደቂቃ አብደህ ስትፈልጋት ቆይተህ ከታች ቀና ስትል ሰዉ ሁሉ በግራ፣ አንዲት ቀይ ኮፍያ በቀኝ። ይህን ታሪክ ስንት ዓመት ለደንበኛ ሁሉ አወራኸው! መረቅ እየጨለፍክ «ምን እንዳልኳት ታውቃላችሁ?» ትላቸው ነበር፤ «‹የትም ብትጠፊ በቀኝ ቁሚ፣ አባትሽ ከኋላ መጥቶ ያገኝሻል› አልኳት።» ከሄደች ወዲህ ግን ስታወራው ሰምቼህ አላውቅም።

እኔ ከዚህ በላይ የምጨምረው የለኝም። ደረጃው ላይ ያየኋት ቀን ግን ተናድጄብህ አልቅሻለሁ፣ ይህን እወቅ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አንተም ለቫዮሊን ብላ ስትሄድብህ «ዳግም ደጄን እንዳትረግጪ» ያልካትን ቃል እንደያዝክ ዘጠኝ ዓመት ቆየህ። እሷ ማታ ማታ ስትገባ የፖስታ ሣጥኑን ትከፍታለች፣ ከዚያ ወደ እኔ ሳታይ ጫማዋን ታወልቃለች። ፖስትካርዱ ላይ «እገኛለሁ»ና «አልገኝም» ተጽፏል። አንዱን ሰርዝና ይህን ባነበብክ ማግስት ጠዋት ላከው።

ጉልበትህን ያበርታልህ፤ መንገድህን ያቅናልህ፤ የእሳትህን ሙቀት፣ የመረቅህን ጣዕም አያጉድልብህ። የሰርጉ ዕለት፣ እሑድ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ እደረጃው ሥር ድረስ። ሹንፔይ «ሙሽራ በታክሲ ትሂድ እንጂ» ቢላት፣ «ልብሴን ጣቢያው አጠገብ ባለው የሰርግ አዳራሽ እለብሳለሁ፣ የምመጣው በባቡር ነው» ብላ ድርቅ ብላለች። እንግዲህ ቀና ብለህ ተመልከት። በግራ ያለው ሰልፍ አያስፈራህ፣ አንተ በቀኝ ውጣ። እሑድ የሚቸኩል ስለሌለ የቀኙ ደረጃ እሷ እስከቆመችበት ድረስ ባዶ ነው።

የልጅህ እናት