ወለሉ እንዲደርቅ ስለደረቀችው መርከብ

ለተከበሩ የጠረፍ ቅርሶች ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ ደኅንነት፣ በተለይም የእኛን መንደር አንድም ቀን ረግጦ ለማያውቀው እግርዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። ቨርና ፔኒ እባላለሁ። በካናዳ ላብራዶር ጠረፍ፣ በጋነት ኮቭ መንደር፣ የዓሣ ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ ዓሣ ስበልት የኖርኩ፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ በዚያው ፋብሪካ የመርከብ እንጨት ውሃ ሳጠጣ የከረምኩ ሴት ነኝ።

እንደሚያስታውሱት (ካላስታወሱም ጥፋቱ የእኛ ነው)፣ ከአምስት ዓመት በፊት ጠላቂዎችዎ ከወደባችን ሥር አንዲት መርከብ አገኙ። ከዘመናት በፊት ከባስኮች አገር፣ ከስፔን ሰሜን፣ ዓሣ ነባሪ ሊያድኑ መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰዎች መርከብ ናት። ሁለት በጋ ሙሉ ጭቃውን በእጃቸው እየጠረጉ፣ ለእያንዳንዱ ሳንቃ ቁጥር እየሰጡ ስድሳ ሁለት እንጨት አወጡ፤ በፋብሪካው ገንዳዎች አስተኝተውም በእንጨቱ ውስጥ ያለው ውሃ በሰም እስኪተካ ድረስ፣ ከደረቀ ይሰነጠቃልና፣ ለአንድ ቀን እንኳ እንዳይደርቅ አደራ ብለውን ሄዱ። ሰሙ በቅርቡ ይላካል ተብሎ ነበር። ቅርብ ማለት በእናንተ ዘንድ ስንት ዓመት እንደሆነ ስላላወቅን እስካሁን እየጠበቅን ነው።

ቅሬታ ብዬ ለመጥራት ስለማልደፍር፣ ምስጋናዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ገንዳዎቹ አሮጌ ስለሆኑ ያፈስሳሉ፤ የሚሞላቸው ፓምፑ ነበር። ባለፈው ዓመት የላኩልን የደኅንነት ተቆጣጣሪ ሃያ ደቂቃ ጎብኝቶ፣ ወለሉ እርጥብ ስለሆነ ሰው ያዳልጣል ሲል ፓምፑን አሸገው። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም አልወደቀም። ከዚያ በፊትም የወደቀ የለም።

፪ኛ. መንደሩ ተራ ገብቶ ከጅረቱ በባልዲ ውሃ ማመላለስ ሲጀምር፣ ቅርስን መንካት የሚችለው ፈቃድ ያለው ባለሙያ ብቻ መሆኑን ባለ ሁለት ማኅተም ደብዳቤ ጽፈው ከድካም ገላገሉን። ባለሙያውን ግን እስከ ዛሬ አላየነውም።

፫ኛ. ሰሙን ስንጠብቅ «የጋራ ቅርሳችን» የሚል ያማረ ሰሌዳ ደርሶናል። ጀርባው ላይ እንደተጻፈው ዝናብም ሆነ ፀሐይ ለሃምሳ ዓመት አይነካውም።

፬ኛ. በአንደኛው ሳንቃ ቅጥራን ላይ የሰው አውራ ጣት አሻራ ነበረ። ቅጥራኑ ሳይደርቅ የነካው ሠራተኛ መሆኑ ነው። መንደሩ ሁሉ አጎት የሚላቸው የሰማንያ አንድ ዓመቱ ጀልባ ሠሪ አምብሮስ በየእሑዱ ይመጡና የራሳቸውን ጣት ከላዩ አንዣበው ይለኩት ነበር። «ከኔ ይወፍራል እኮ፣ ቨርናዬ። ይሄ ሰውዬ ምን ይበላ ነበር?» ይሉኛል። በመጋቢት ሳንቃው ተጣሞ ተሰነጠቀ፤ ቅጥራኑም እየተቀረፈ ወለሉ ላይ ረገፈ። አጎት አምብሮስ ቆመው አዩትና «እኔ ብሆን እዚያው እተውህ ነበር፣ ወንድሜ» አሉት። ከዚያ ወዲህ አልመጡም። እኔም ፍርፋሪውን በሻይ ቆርቆሮ ሰብስቤ ስጨርስ አለቀስኩ፤ ይህን ለእርስዎ ስጽፍ አላፍርም።

ከስድሳ ሁለቱ ሳይሰነጠቁ የቀሩት ሃያ አንድ ናቸው። የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እነሱን ወደነበሩበት ጭቃ መልሰን እንድንቀብራቸው ይፍቀዱልን። መርከብ እንደማይሆኑ አውቃለሁ፤ አሻራውም አይመለስም። ሰሙንም መጠበቅ ትተናል። ይህንኑ በመጋቢት ጠይቄ ነበር፤ ዛሬም የምጠይቀው ሌላ የሚጠየቅ ስለሌለ ነው።

ጫማዎ ዘወትር ደረቅ፣ ማኅተምዎ ዘወትር እርጥብ ይሁንልዎ እያልኩ፣ ፈቃድ ሳይኖረኝ ቅርስ በመንካቴ ከወገቤ ዝቅ ብዬ ይቅርታ የምጠይቅ ታዛዥዎ፣

ቨርና ፔኒ
የቀድሞ ውሃ አጠጪ፣ ጋነት ኮቭ

ፖስታውን ሳላሽግ ትዝ ያለኝ፦ ለመጋቢቱ ጥያቄዬ መልስ ይሆን ዘንድ የላኩልኝን «ቆሻሻ ወደ ባሕር ለመጣል የሚሞላ ቅጽ» ሞልቼ አያይዣለሁ። ሰባተኛው ጥያቄ፣ ቆሻሻው ባሕር ውስጥ ለመበስበስ ስንት ዓመት ይፈጅበታል ይላል። «ባሕር ውስጥ አራት መቶ ስልሳ ዓመት ተኝቶ አልበሰበሰም፤ በእናንተ እጅ አምስት ዓመት በቅቶታል» ብዬ መልሻለሁ። መስመሩ ስለጠበበኝ ጽሑፌ ለእርስዎ ፊርማ በተተወው ቦታ ላይ አልፏል።