ስለ ተከለከሉብን እንቁራሪቶች

ለክቡር ሊሴንሲያዶ ኦክታቪዮ ባራንዳ
የሽካን ሴኖቴ መናፈሻ ሥራ አስኪያጅ
ዩካታን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ለከበረ ጤንነትዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ከሜሪዳ ከተማ አብሮዎት ለመጣው የቢሮዎ ማቀዝቀዣ ደህንነት ያለኝን ልባዊ ምኞት እገልጻለሁ። እኛ የሽካን ገበሬዎች፣ በቆሎው መድረቅ ከመጀመሩ በቀር፣ ደህና ነን።

አያት ቅድመ አያቶቻችን ሲጠጡት የኖሩት ሴኖቴ፣ ያ ከዋሻችን ሥር የተኛው ሰማያዊ ውሃ፣ «የተፈጥሮ መስህብ» መሆኑን እርስዎ መጥተው ባይነግሩን ኖሮ ውሃ ብቻ መስሎን እንቀር ነበር። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል፤ እርስዎ ግን አጥራችንን መነቅነቅ ቀርቶ፣ ለእኛ ያልነበረንን አዲስ አጥር ስላጠሩልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ሆኖም ጊዜዎን ካልተሻማሁ ጥቂት ጥቃቅን ቅሬታዎች አሉኝ።

፩. እንደሚያውቁት፣ ወይም እንደማያውቁት፣ ሐምሌ ላይ ዝናብ ሲዘገይብን ከሴኖቴው ውስጠኛ ክፍል ማንም ያልታጠበበት ውሃ ቀድተን ለዝናብ ጌቶች እናቀርባለን። ውሃውን ላለፉት ስድሳ ዓመታት የሚቀዱት የሰማንያ አራት ዓመቱ ሽማግሌ ዶን ኤውሴቢዮ ካንቼ ናቸው። ዘንድሮ ቅላቸውን ይዘው ሊወርዱ ሲሉ ዘበኛዎ «አባባ፣ ያለ ሕይወት አድን ሰደርያ መውረድ ክልክል ነው» አላቸው። እሳቸውም «ልጄ፣ እኔ ልቀዳ እንጂ ልሰምጥ አልመጣሁም፤ ግን በእኔ የተነሳ ከሥራህ እንዳትባረር፣ በል አምጣው» ብለው ያንን ብርቱካናማ ሰደርያ ለበሱ። የዝናብ ጌቶች በዚያ ልብስ አይተው የሚያውቋቸው አይመስለኝም።

፪. ውስጠኛው ክፍል ሲደርሱ ሰባት ጎብኚዎች ይዋኙበት ነበር፤ የፀሐይ ቅባታቸውም በውሃው ላይ እንደ ሾርባ ስብ ተንሳፎ ነበር። አንዷ እመቤት አብረዋት ፎቶ እንዲነሱ በትሕትና ጠየቀቻቸው፤ ተነሡ። ከዚያ ባዶ ቅል ይዘው ወጡ። ክቡር ሆይ፣ ባዶ ቅል ይዘው ሲወጡ አይቼ አላውቅም፤ እዚህ ላይ ቀልዱን ትቼ በጣም እንዳዘንኩ ልንገርዎ።

፫. ተስፋ ሳንቆርጥ ከጎረቤት መንደር ውሃ ለምነን መሠዊያችንን እንደ ወጉ በሴኖቴው አፍ ላይ ተከልን። በወጋችን አራት ሰዎች ከመሠዊያው ሥር ተቀምጠው እንደ እንቁራሪት ይጮኻሉ፤ ዝናቡ እንቁራሪቶቹን ሰምቶ ይመጣል። ከአራቱ አንደኛ የሆነው የሚስቴ ወንድም ፕላሲዶ ገና ሁለት ጊዜ እንደጮኸ ዘበኛዎ ጩኸት የሚከለክለውን የመመሪያዎን አንቀጽ አሥራ አራት ይዞ ደረሰ።

«ጋሽ ፕላሲዶ፣ ስለ ማርያም ድምፅህን ቀንስ! እንግዶቹ የእውነት እንቁራሪት መስሏቸው ከውሃው እየወጡ ነው።»

«የእውነት ከመሰልኳቸውማ ሥራዬን አውቄበታለሁ ማለት ነዋ!»

ነገር ግን እኛ ሕግ አክባሪዎች ስለሆንን የቀሩት ሦስቱ በሹክሹክታ ጮኹ። ዝናቡ አልሰማም።

፬. በጉድጓድ ጋግረን ለጌቶቹ ያቀረብነውን ዳቦ የጽዳት ሠራተኞችዎ ቆሻሻ ነው ብለው ሰብስበውታል። አንደኛው «ጨው ያንሰዋል» ማለቱን ሰምተናል፤ አስተያየቱን ለሚስቶቻችን አድርሰናል።

እንግዲህ የስድሳ ሁለት ቤተሰብ በቆሎ ጉልበት ደርሶ ቅጠሉን መጠቅለል ጀምሯል። ከአሥር ቀን በላይ አይቆይም፤ እሱ ካለፈ ደግሞ የዓመት እህላችን አለፈ ማለት ነው። የምንለምንዎት ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ውሃው እስኪጠራ ውስጠኛው ክፍል ለአንድ ሳምንት ይዘጋልን፤ በሳምንቱም አንድ ጠዋት፣ በሩ ለእንግዳ ሳይከፈት፣ እንደ ልባችን እንድንጮህ ይፈቀድልን።

በእርስዎ መልካም አስተዳደር በገዛ መንደሬ ጎብኚ ለመሆን የበቃሁ፣ ጥላዎ ከራሳችን ላይ እንዳይነሳ ዘወትር የምመኝ (ጥላ ካለ ደመና አለና)፣

ኢልዴፎንሶ ፑክ
የሽካን ገበሬዎች ማኅበር ጸሐፊ

ማስታወሻ፦ ቢሮዎን ያሠሩበት ያ ሰፊና ዝቅ ያለ ቦታ እስከዚያ ለምን ባዶ እንደኖረ ማንንም አልጠየቁም። ዝናብ በመጣ ቁጥር ጎርፉ ወደ ሴኖቴው የሚገባው በዚያ ነው፤ አያቶቻችን የዶሮ ቤት እንኳ አልሠሩበትም። ስለዚህ የጩኸታችንን ፈቃድ ከመፈረምዎ በፊት ወንበርዎን ከፍ ካለ ቦታ እንዲያስቀምጡት በአክብሮት እንመክራለን።