ለሙክት ጡት አርባ ስምንት ነጥብ ለሰጡት ዳኛ

ይድረስ ለክቡር የደረቅ ሸለቆ የተማሪዎች የእንስሳት ምዘና ውድድር የቃል ምክንያት ዳኛ፤
ላስ ቬጋስ።

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ? በውድድሩ ዕለት ከጠዋት እስከ ማታ ከራስዎ ያልወረደው ነጭ ባርኔጣዎስ ደኅና ነው? እኛ የበረሃው ሙቀትና አቧራ አንሶን የእርስዎ ፍርድ ተጨምሮብናል፤ ቢሆንም እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቆመን እንሄዳለን።

እኔ እናትነሽ እባላለሁ፤ በአንድ ካዚኖ ውስጥ ካርድ አዳይ ነኝ። ተወዳዳሪዋ ሮሐ ንጉሤ ልጄ ናት። እርስዎ ሮሐን ላያስታውሷት ይችላሉ፤ በአዳራሹ የመስታወት በር ከውጭ ሆኜ እንዳየሁት፣ እሷ ስትናገር እርስዎ ከስልክዎ ጋር ብርቱ ጉዳይ ይዘው ነበርና አልፈርድብዎትም።

ይህን ደብዳቤ ለሚያነቡ፣ ውድድሩን ለማያውቁ ወገኖቼ ባጭሩ ላስረዳ። ተማሪዎቹ አራት በጎች ይቀርቡላቸዋል፤ አይተው፣ ዳስሰው፣ አስኪደው ከአንደኛ እስከ አራተኛ ያወጧቸዋል። ከዚያ ያለ ወረቀት ዳኛ ፊት ቆመው ይህን ከዚያ ያስቀደሙበትን ምክንያት በቃላቸው ይናገራሉ። ሙሉ ነጥቡ ሃምሳ ነው። ለቀጣዩ ውድድር ወደ ሬኖ ከተማ ለሚሄደው የወረዳችን ቡድን አንድ ቦታ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ሮሐም ዓመቱን ሙሉ ለዚያች ቦታ ስትለፋ ከርማለች። ቦታዋን ያጣችው በእርስዎ ብዕር ስለሆነ፣ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፤ የአሸናፊውን ንግግር ሁላችን እንድንማርበት በማይክ ስላስደገሙልን ከልብ አመሰግናለሁ። ባያስደግሙት ኖሮ ይህን ጉድ ማን ያምነን ነበር? ተሸላሚው ደረቱን ነፍቶ፣ አዳራሹን እያንቀጠቀጠ፣ ቁጥር ሦስትን ያስቀደመው ጡቱ ሞልቶና ተስተካክሎ ስለተቀመጠ መሆኑን አበሰረን። ክቡርነትዎ፣ በዚያ ቀን የቀረቡት አራቱም በጎች የተኮላሹ ሙክቶች ነበሩ! ወይ ጉድ! አጠገቤ የነበረችው ጎረቤቴ ናጃት ሳቋ አምልጧት ሮጣ ወጣች። እርስዎ ግን ዓይንዎን ጨፍነው፣ ራስዎን እየነቀነቁ፣ ያንን የሌለ ጡት አጣጣሙት፤ አርባ ስምንትም ሰጡት። ልጁን አልወቅስም። ለሴት በግ የተጻፈ ንግግር አሸምድደው የላኩት ሌሎች ናቸው፤ ድምፅህ ከፍ ይበል እንጂ በጉን ማየት አያስፈልግም ብለውት ይሆናል። እነሱም ዳኛውን ያውቁታል ማለት ነው። ጤፍ የሚቆላ ምላስ ካለ በግ ምን ያደርጋል!

ሁለተኛ፤ በረቱ ከወንበርዎ ጀርባ ሆኖ ሳለ በጎቹን አንዴም ዞር ብለው ሳያዩ በመፍረድዎ አደንቅዎታለሁ። እኔ ሺፍቴን ጨርሼ ከጠረጴዛ ስነሳ፣ ምንም እንዳልያዝኩ ለማሳየት ሁለት መዳፎቼን ገልብጬ ለጣሪያው ካሜራ ሳላሳይ አልሄድም። የማላውቀው ሰው ከላይ ሆኖ እጄን ይቆጣጠራል፤ ክብሬ አልተነካም፣ ሥራዬ ነው። እርስዎ ግን መዳፍዎን የሚያይ የለም። በስልክ አቤት ብል የዳኛ ውሳኔ የመጨረሻ ነው ተብዬ ተዘጋብኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልረፍ። ሮሐ እንዳስተማረችኝ፣ በዚህ ሙያ የሚነቅፉትን እንኳ መልካም ጎኑን ሳይመሰክሩ መንቀፍ ነውር ነው። ስለዚህ እመሰክርልዎታለሁ፦ ትከሻዎ ሰፊ፣ ጥርስዎ ሙሉ፣ አቀማመጥዎም ቀጥ ያለ ነው።

የእኛንም ጥፋት አልደብቅም። ባለቤቴ ንጉሤ ለበዓል በግ ሊገዛ ከከተማ ሲወጣ ሮሐን ከልጅነቷ ጀምሮ ይዟት ይሄዳል። በእኛ ዘንድ ሻጩ ፊት በግ ማመስገን የገዢ ጅልነት ነው፤ ስቡ የሚንቀጠቀጠውን ወደል እንኳ ወገቡን ጨበጥ አድርገው አይ፣ አጥንት ብቻ ነው ይሉታል እንጂ አይሞገስም። ካሞገሱትማ ዋጋው ሰማይ ይነካላ! ሮሐም ይህንኑ የአባቷን ወግ ይዛ እርስዎ ፊት ቆመች፤ አንደኛ ያወጣችውን በግ ሳታመሰግን ጉድለቱን ዘረዘረች። እርስዎም ራሷ አንደኛ ያለችውን በግ ትነቅፋለች፣ ድምፅም የላትም ብለው ጻፉባት። ስለ ነቀፋው ነጥብ ቢቀንሱ ትክክል ነዎት፤ ገዢ ሆና ሳይሆን መዛኝ ሆና መቅረብ ነበረባት፤ ያላስተማርናትም እኛ ነን።

ሦስተኛና ዋናው ግን ይህ ነው። ልጄ የተናገረችው ያየችውን ነበር። ቁጥር ሦስትን መጨረሻ ያደረገችው በግራ የኋላ እግሩ በትንሹ ስለሚያነክስ እንደሆነ ነግራዎታለች። ዞር ብለው ማየት ይበቃ ነበር። ለዚህ ሠላሳ አንድ ሰጧት፤ በዓይኗ ያየችው ማንከስ፣ ማንም ካላየው ጡት አነሰ። እውነቱን ልንገርዎት? አስጠልተውኛል። ሥራዬ ከሰካራም ጋር ነው፣ ከሌባ ጋር ነው፣ ተሸንፎ ካርዱን ፊቴ ላይ ከሚወረውር ጋር ነው፤ እንደ እርስዎ ያስጠላኝ ግን የለም።

ያስጠላኝ ነጥቡ ብቻ አይደለም። ሮሐ አሁን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጋራዥ ውስጥ ገብታ የአሸናፊውን ንግግር ትሸመድዳለች። ደረቷን ነፍታ ስለ ጡት ለመኪናዬ ትጮኻለች። ምን ሆነሻል ብላት፣ እማ፣ እሱ እኮ ነው ዊን ያደረገው፣ እኔ ያየሁትን ብናገር ማን ኬር ያደርጋል አለችኝ።  እኔና አባቷ ያየሽውን ተናገሪ እያልን ያሳደግናትን ልጅ፣ እርስዎ፣ በዓይን ከታየው ይልቅ የሚጨበጨብለት ይሻላል ብለው በአንድ ከሰዓት በኋላ አስተማሩልን። እንዲህ ያለ ፈጣን መምህር የት ይገኛል?

እንግዲህ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። የቡድኑ ዝርዝር ገና አልተዘጋም ተብሏል። ሮሐን በድጋሚ ይስሟት፤ አሸናፊውንም ይስሙት። አዲስ በጎች ይቅረቡ፣ ስልክዎ ኪስዎ ይግባ፣ እርስዎም ከወንበርዎ ተነሥተው በረቱ ውስጥ ይቁሙ። ከዚያ በኋላ እሱ ቢበልጣት እጁን ጨብጬ፣ ቡድኑን ሬኖ ድረስ ራሴ ነድቼ አደርሳለሁ። ካልሰሟት ግን ጋራዡ ውስጥ የምትጮኸው ልጅ የእርስዎ ሥራ መሆኗን ይወቁልኝ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ የባርኔጣዎን ዕድሜና የዓይንዎን ብርሃን ተመኝቼ፣ ሁለት መዳፎቼን ገልብጬ እያሳየሁ፤

እናትነሽ፣ የሮሐ እናት።

ማሳሰቢያ፦ ከውድድሩ በኋላ በጎቹ ሲሸጡ ቁጥር ሦስትን ለበዓል ገዛነው። ሻጩ የእርስዎን አርባ ስምንት እየጠቀሰ ሲያወድሰው ንጉሤ እንደ ወጉ አጥንት ብቻ ነው አለው። ሲታረድ ጎረቤት ሁሉ ከቦ ያንን የተመሰገነ ጡት ፈለገ፤ ቆዳውን ገልብጠን አየን፣ አላገኘነውም። ከግራ የኋላ ኮቴው ውስጥ ግን የተሰነቀረ ስለታም ጠጠር ወጣ፤ ታጥቦ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተልኮልዎታል። ሮሐ ጠጠሩን ስታይ አይቼዋለሁ ብላ የጮኸችው ጩኸት ከመንገዱ ማዶ ያሉትን ሰዎች በረንዳ ላይ አውጥቷቸዋል። ድምፅ የላትም ብለው ስለጻፉ፣ ይህም እንዲታወቅልን ያህል ነው።