ሲሻላት ትመጣለች

እማዬ፣ እንደምን አለሽ ልበልሽ? ከተለየሽኝ ሃያ ዓመት አለፈ። ይህን የምጽፍልሽ አንዴ ተቀምጬ አንዴ ተነስቼ ነው፤ አሁንም አንድ ቦታ አልረጋም።

የካዛንቺስ ቤታችን ፈርሷል፣ ጎረቤቶቻችንም ኮንዶሚኒየም ገብተው ተበታትነዋል። እኔ ከባለቤቴ ከዳዊትና ከልጃችን ከሶስና ጋር እዚሁ ቂርቆስ ተከራይቼ እኖራለሁ። በመስቀል አደባባይ ባቡር ያልፋል ብልሽ አታምኚኝም።

ሐኪም ቤት በታክሲ ሲወስዱሽ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ በመስኮት እጅሽን አወዛወዝሽልኝ። እኔን ባምቢስ ሰፈር፣ አክስቴ ቤት አስቀመጡኝ። ግቢያችን ድንኳን ተተክሎ እንደነበር ያወቅኩት አድጌ ነው። ለልጅ መርዶ አይነገርም ብለው፣ ስጠይቅ ሁሉም "ሐኪም ቤት ናት፣ ሲሻላት ትመጣለች" ይሉኝ ነበር። አዝነውልኝ ነው፣ አልቀየማቸውም። እሺ፣ ትንሽ እቀየማቸዋለሁ። በተዝካርሽ ቀን ሻማ የበራለትን ፎቶሽን አይቼ ገባኝ፤ ያኔም ቁጭ አድርጎ የነገረኝ የለም።

እና ሐኪም ቤት ለመድኩ። ልቤ ይመታል፣ እሄዳለሁ። ሆዴን ይቆርጠኛል፣ እሄዳለሁ። ደም፣ ራጅ፣ አልትራሳውንድ፤ ምንም የለብሽም ይሉኛል፤ በሳምንቱ ደግሞ ሌላ ክሊኒክ። ደምበል አካባቢ ያለ የአንድ ክሊኒክ ዘበኛ እንደ ሠራተኛ ሳይፈትሸኝ ያስገባኛል። ዳዊት ደመወዝሽን እዚያው ይክፈሉሽ እያለ ይቀልዳል። እስቃለሁ፣ ግን እውነት ያመኛል።

በቀደም አንዲት ወጣት ሐኪም የት እንደሚያመኝ ትታ ስለ ልጅነቴ ጠየቀችኝ። ተናደድኩ፣ ግን ነገርኳት። በልጅነት የደረሰ ነገር ካደጉ በኋላ በሰውነት ላይ ይወጣል፣ ሕመምሽም የውሸት አይደለም አለችኝ። ስወጣ ተራ የሚጠብቁትን ሴቶች ፊት አንድ በአንድ እያየሁ መሆኔ ለራሴ ታወቀኝ። ለካ ሁሌም እንዲህ አያለሁ። አንቺን ነው የምፈልገው፣ እማዬ።

ከዚያ ወዲህ የሚያስጨንቀኝ የሶስና ነገር ነው። እሷም ሆዴን ማለት ጀምራለች። ክሊኒክ ልሄድ ስነሳ ቀሚሴን ይዛ ትመለሻለሽ ወይ ትለኛለች። ትናንት ደግሞ አያቴ የት ናት ብላ ጠየቀችኝ። ሐኪም ቤት ልላት ምንም አልቀረኝም። ቁጭ አደረግኳትና "ሞታለች" አልኳት። እኔ አለቀስኩ፤ እሷ ግን እንዴት ዓይነት ሰው ነበረች አለችኝ። ጸጉሬን ስትሠሪኝ በጉልበቶችሽ መሃል አጥብቀሽ እንደምትይዢኝ ነገርኳት፤ ሌላም እንድጨምርላት ለመነችኝ።

በሕይወት እስካለሁ አልረሳሽም፤ ለሶስናም በየጊዜው እነግራታለሁ። ነገ ቀጠሮ አለኝ፣ እሄዳለሁ። እዚያ እንደሌለሽ ግን አውቄያለሁ፤ መርዶሽን ከገዛ አፌ ሰማሁት።