ሂሩት ያለችበትን ተናገርኩ

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 1996

…እናቴ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገችው። ጎረቤታችን እየጮኸች ነው። ልጅ ነኝ፣ መስኮቱ ጋ ቆሜያለሁ፣ ከዚያ… ከዚያ አላስታውስም። ዛሬ የስፌት መኪና ስወለውል ለምን መጣብኝ?

ናስሪን ቤት ዋልኩ፣ ደብተሬ። ከቤቴ በር ፊት ለፊት የምትኖረው ኩርዳዊት ጎረቤቴ። ሳሎኗ በአሮጌ የስፌት መኪና ተሞልቷል። መኪኖቹን ከኢንተርናሽናል አቬኑ ሱቆች ትለምናለች፣ ከከተማ ውጭ ኦኮቶክስ ድረስ እየነዳች ትለምናለች። ጦርነት ባፈረሰው መንደሯ ባል ለሞተባቸው ሴቶች የስፌት ቤት ልትከፍት ነው። መጀመሪያ ጣሪያ አይሻልም? አልኳት። ሳቀችብኝ። የራሷ ገቢ ያላት ሴት ጣሪያዋን ራሷ ትመርጣለች አለችኝ።

ሂሩት እዚያ ናት። የቤ/ክ ጓደኛዬ። ከባሏ አምልጣ ነው። ክንዷ በፋሻ። በመኪኖቹ መሀል ፍራሽ ተነጥፎላታል። ናስሪን ለማንም እንዳልናገር አስማለችኝ። ማልኩ።

ሰኞ

ጋሼ ወንድሙ ደወሉ። እዚህ አገር ያመጡኝ፣ እንደ አባት የማያቸው ሰው። የሂ. እናት አዲስ አበባ ሆና እህል አልቀምስ ብላለች አሉ። «በሕይወት አለች በይኝ ብቻ።» አለች፣ አልኩ። «የት?» ስለ እናቷ ጤና ልጠይቃቸው ጀመርኩ። «ከእኔ ነው የምትደብቂው፣ አንቺ ልጅ?»

ፊት ለፊቴ ያለው ቤት ናት፣ ደህና ናት፣ አልኩ።

«ተባረኪ።» ምርቃት እንዲህ ሲያቃጥል አላውቅም።

ለባሏ አይነግሩም። ትልቅ ሰው ናቸው። አይነግሩም።

ረቡዕ

ለናስሪን አልነገርኳትም። እንዳላገኛት ሺፍት ቀየርኩ። በበሩ ቀዳዳ ኮሪደሩን አይቼ፣ ሰው ሲጠፋ እወጣለሁ። ከገዛ ቤቴ እንደ ሌባ። ነገ እነግራታለሁ።

ዓርብ

አልነገርኳትም።

እሁድ፣ ከሰዓት

መጡ። ጋሼና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከቅዳሴ በቀጥታ፣ ካፖርታቸው ላይ በረዶ። መጀመሪያ እኔ ቤት። «አንቺ ጥሪያት፣ ድምፅሽን ታውቀዋለች» አሉኝ።

አንኳኳሁ። «ሂሩትዬ፣ እኔ ነኝ» አልኩ። ይኸው፣ ጻፍኩት።

የከፈተችው ናስሪን ናት። መጀመሪያ እኔን አየች፣ ቀጥሎ ከኋላዬ የቆሙትን። ሂ. ከውስጥ ወጥታ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አለች። በደህናው እጇ ጉልበታቸውን ይዛ። ጋሼ ቀና አደረጓት። «ልጄ፣ ባልሽ ታች መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ እያለቀሰ ነው።»

ታች። እዚሁ ሕንፃ ሥር። ነግረውታል!

ሂ. ምንም አልተቆጣችም። ነገ ማታ መልሴን ልስጥ አለች። እሺ ብለው ሄዱ።

ናስሪን ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸችም። እኛም አገር ሽማግሌ አለ አለች። ታላቅ እህቷን ከባሏ ጋር ያስታረቋት በጣም ደግ ሰዎች ነበሩ። ከዚያስ? አልኳት። የመኪናውን መርፌ መፍታት ቀጠለች።

ሰኞ፣ ከምሽቱ ለ12 ሩብ ጉዳይ

ጠዋት ሂ. መጣች። ቁማ ነው ያወራችው። «አንቺ ብትሆኚ ትመለሻለሽ?» አለችኝ። አንቺ ታውቂያለሽ አልኳት። ቃሉን ከአፌ ሳወጣ ራሴን ጠላሁት። አንቺ ታውቂያለሽ! በሌላ ሰው በር ላይ በስሟ የጠራኋት እኔ።

ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ሳስብ ዋልኩ። ልናገር ነው። አትመለሺ እላታለሁ፣ በእነሱ ፊት። ጋሼንም፦ ተሳስቻለሁ፣ እርስዎም ተሳስተዋል፣ ይመለሱ፣ እላቸዋለሁ። ከዚህ በኋላ ልጄ ባይሉኝም። ልናገር ነው።

ኮሪደሩ ላይ ኮቴ። መጡ። የጋሼ ሳል። የናስሪን በር ተከፈተ። ሂሩት የሆነ ነገር አለች፣ ቀስ ብላ፣ አልሰማኋትም። ተነሥቻለሁ፣ ቁሜ ነው የምጽፈው፣ ጫማዬን

ሳልደርስ የናስሪን በር ተዘጋ።